ንስሐ ገብቶ ወደ ወሲብ ቪዲዮ ስለ መመለስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሌሊት በስልኬ የወሲብ ቪዲዮ አያለሁ። ንስሐ እገባለሁ፣ ጥቂት ሳምንት እተወዋለሁ፣ ከዚያ ተመልሼ እገባበታለሁ። ጓደኛዬ «የሚጎዳህ ቪዲዮው ሳይሆን ሃይማኖትህ የጫነብህ ጸጸት ነው፤ በጥናት ተረጋግጧል» አለኝ። እውነት ነው? ወይስ ሱሰኛ ሆኛለሁ? ከቁርባንም ርቄያለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ የሰማው ነገር መነሻ አለው፤ የደረሰበት መደምደሚያ ግን ስሕተት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆሹዋ ግራብስና ባልደረቦቹ ባደረጓቸው ጥናቶች፣ ሰው ራሱን «የወሲብ ቪዲዮ ሱሰኛ» ብሎ እንዲፈርጅ ከሚያየው መጠን ይልቅ የሚያምነውና የሚያደርገው መጋጨቱ ይበልጥ እንደሚገፋው አግኝተዋል። ስለዚህ አልፎ አልፎ የሚያይ አማኝ፣ አዘውትሮ ከሚያይና ግድ ከማይሰጠው ሰው ይልቅ ራሱን ሱሰኛ ሊል ይችላል። የተለካው ሰው በራሱ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ድርጊቱ ኃጢአት ይሁን አይሁን በመጠይቅ አይታወቅም፤ ጌታ በማቴዎስ 5፥28 «ወደ ሴት ያየ ሁሉ የተመኛትም ያን ጊዜ በልቡ ከእርስዋ ጋር አመንዝሮአል» ብሎ ተናግሮበታል።

ሱስ ነው ወይ ላልከው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች ምደባው ከቁጥጥር የወጣ የወሲብ ባሕርይን እንደ ሕመም መዝግቧል። መለኪያው፣ ሰውየው ለረጅም ጊዜ፣ ለምሳሌ 6 ወርና ከዚያ በላይ፣ ራሱን መግታት አቅቶት ጤናውን፣ ሥራውን ወይም ቤተሰቡን ችላ ማለቱ፣ ደስታ ባያገኝበት እንኳ መቀጠሉ ነው። ከሥነ ምግባር ፍርድ ብቻ የመጣ ጭንቀት ለምርመራው አይበቃም። ይህ ሁሉ ካለብህ የንስሐ አባትህን ሳትተው የአእምሮ ሐኪም አማክር። ከሌለብህ በሽተኛ ነኝ አትበል፤ ንስሐ የምትገባበት ኃጢአት ነው።

አንድ ነገር ለሰባኪዎችም ልበል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት፣ የራቁት ሴቶችን ፎቶ ያዩ ወንዶች ለሚስቶቻቸው ያላቸው ፍቅር እንደቀነሰ ዘግቦ ብዙ ተጠቅሷል፤ በ2017 በብዙ ተሳታፊዎች ሲደገም ግን ውጤቱ አልተገኘም። ወንጌል እንዲህ ባለ ማስረጃ መደገፍ አያስፈልገውም፤ ምእመኑ አንድ ቀን ይህን ሲያውቅ የቀረውንም ትምህርታችንን ይጠራጠራል።

አሁን ወደ ውጊያው እንምጣ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነር እ.ኤ.አ. በ1987 ተማሪዎችን ለ5 ደቂቃ «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወሉን ምቱ» አላቸው። ደወሉ ተመታ። በኋላ እንዲያስቡ ሲፈቀድላቸው ደግሞ፣ ከመጀመሪያው ያልተከለከሉት ካሰቡት በላይ አሰቡት። በምትኩ ስለ አንድ የተወሰነ ነገር እንዲያስቡ የተነገራቸው ግን ሐሳቡ ያን ያህል አላገረሸባቸውም። «አላስብም፣ አላስብም» እያልክ አልጋ ላይ መታገል የማይሠራው ለዚህ ነው። አንድ አጭር ጸሎት አስቀድመህ ምረጥ፤ «አቤቱ፥ ንጹሕ ልብን ፍጠርልኝ» ይሁን፤ ሐሳቡ በመጣ ቁጥር ያንኑ በል፣ ከአልጋህም ተነሥ። ጸሎቱን በየሌሊቱ አትለዋውጥ።

ውሳኔህን ደግሞ ቀን ላይ ጨርስ። ተመራማሪዎቹ አሪየሊና ሎዌንስታይን እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት 35 ወንድ ተማሪዎች ስሜታቸው ሲነሣሣ፣ ረግተው ሳሉ «አላደርገውም» ያሉትን ብዙ ነገር «ላደርገው እችላለሁ» ብለው መለሱ። ሌሊት ስልክ በእጅህ ይዘህ የምትገባው ቃል እንግዲህ ምን ያህል ይጸናል? ከመኝታ በፊት ስልክህን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰካው፤ ለማንቂያ የተለየ ሰዓት ይኑርህ። አንድ ክፍል ብቻ ካለህ ለምታምነው ሰው አስረክበው።

ከወደቅህ ዋናው አደጋ ቀጥሎ ያለው ሰዓት ነው። የሱስ ተመራማሪው አላን ማርላት እንዳስተዋለው፣ አንዴ የተሰናከለ ሰው «አለቀልኝ፣ እኔ እንዲህ ነኝ» ሲል አንዱ ስሕተት ወደ ሙሉ መመለስ ይቀየራል። ምሳሌ 24፥16 «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» ይላል። እንግዲያው ገጹን ዝጋ፣ ተነሥና ጸልይ፣ በዚያው ሳምንት ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ። «እስክነጻ» ብለህ አትጠብቅ። ከቁርባን መራቅህንም ራስህ አትወስን፤ ቀኖናውን የሚሰጥህና ጊዜውን የሚነግርህ እርሱ ነው።

ስትናዘዝ ያየኸውን መዘርዘር አያስፈልግም። በስንት ሰዓት፣ የት ሆነህ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ (ብቸኝነት፣ ጠብ፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት)፣ ካለፈው ንስሐህ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሆነ ንገረው።