መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ ታሪክ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጠበቃ ደወለልኝ። ከጓደኞቹ ጋር የጥብቅና ቢሮ ከፍቷል። ዌብሳይታቸው ላይ አዲስ ባለጉዳይ የሚሞላው ፎርም ሊያስገቡ ነው። «ጋሼ፣ አንዴ ይዩልኝ» ብሎ ረቂቁን ላከልኝ። ሲያዩት ያምራል። ከስምና ከስልክ ቁጥር ቀጥሎ ሰፊ ሳጥን አለ፤ «ጉዳይዎን በዝርዝር ይንገሩን» ይላል። የተቃራኒ ወገን ስም የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም። ይህን ሳይ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ። መልሱን ለእሱ ብቻ ከምነግረው ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ጀማሪ ሳለሁ የምሠራበት ቢሮ ዌብሳይት ያወጣው ገና በቅርቡ ነበር። «ያግኙን» የሚል ገጽ ነበረው፤ አንድ ባዶ ሳጥንና አንድ «ላክ» የሚል ቁልፍ። የገባውን መልእክት ጠዋት ጠዋት አትሜ ለአለቃችን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ገጽ በገጽ የሆነ ረጅም ጽሑፍ ገባ። ከንግድ ሸሪኳ ጋር የተጣላች ሴት ናት። ሌሊት ተቀምጣ እንደጻፈችው ያስታውቃል። ሁሉንም ዘርግፋዋለች። ሳታነብ የፈረመችው ውል እንዳለ፣ የሒሳብ መዝገቡ ማን ጋ እንደተቀመጠ፣ ለመታረቅ እስከ ስንት ዝቅ እንደምትል ሳይቀር ጽፋለች። የሸሪኳ ስም የመጣው መጨረሻው መስመር ላይ ነው። ሰውየው የቢሯችን የቆየ ደንበኛ ነበር። ፋይሉ እኔ ከተቀመጥኩበት ወንበር ጀርባ፣ መደርደሪያው ላይ ነው ያለው።

አለቃችን እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ዝም አሉ። ያነበቡትን እንዳላነበቡ መሆን አይችሉም። ለደንበኛቸው ቢናገሩ የሴትየዋን ምስጢር ማውጣት ነው። ደብቀው ቢከራከሩለት ደግሞ ለእሱ ታማኝ አልሆኑም። በመጨረሻ ከጉዳዩ ጨርሰው ወጡ። ሰውየው ለዓመታት ያመነው ጠበቃ ምክንያቱን ሳይነግረው ሲለየው ክፉኛ ተቀየመ። ለሴትየዋ «ጉዳይዎን ልንይዝ አንችልም» የሚል አጭር መልስ ተላከላት። በማግስቱ ደወለች፤ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። «እሺ፣ አትያዙልኝ። የጻፍኩት ግን አሁን ማን እጅ ነው?» አለችኝ። ከተላከላት መልስ ሌላ አንዲት ቃል እንዳልጨምር ታዝዤ ነበር። ያን ጥያቄ እንደያዘች ስልኩን መዝጋቷ ዛሬም ይቆጨኛል። የሁለት ሰው ስም ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ስለዚህ ፎርማችሁ መጀመሪያ የባለጉዳዩን ስም፣ ቀጥሎ የተቃራኒ ወገንን ስም፣ ድርጅት ካለበት የድርጅቱን ስም ይጠይቅ። የጉዳዩን ዓይነት ያስመርጥ፤ ውርስ፣ ፍቺ፣ ውል፣ ሥራ። እዚያ ላይ ይብቃ። የጥቅም ግጭት አለመኖሩን፣ ማለትም ተቃራኒው ወገን የእናንተው ደንበኛ አለመሆኑን፣ ካጣራችሁ በኋላ ታሪኩን በአካል ወይም በስልክ ስሙ።

«ፎርሙን መሙላት ደንበኛ አያደርግም የሚል ማሳሰቢያ አለን» ትሉ ይሆናል። ይኑራችሁ፤ ግን አትተማመኑበት። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ 9ኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ ክርክር ቀርቦ ነበር። አንድ የሕግ ቢሮ ፓክሲል የተባለውን መድኃኒት የወሰዱ ሰዎች የሚሞሉት መጠይቅ ኢንተርኔት ላይ አወጣ። የሚሞሉት ሰዎች የጠበቃና የደንበኛ ግንኙነት እንዳልተፈጠረ አምነው ምልክት ያደርጉ ነበር። የመድኃኒቱ አምራች ያን ይዞ መልሶቹ ይሰጡኝ አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ያ ምልክት የመልሶቹን ምስጢርነት አያስቀርም ሲል ወሰነ።

የዛሬ ልጆች ስልክ ማንሳት ትሸሻላችሁ። ይህን አልወድላችሁም። ቢሆንም አፍ አውጥቶ መናገር የሚያፍር ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ለመጻፍ ድፍረት ያገኛል። ስለዚህ ፎርሙን ከነጭራሹ ተዉት አልልም። ታሪኩን በአንድ ሁለት መስመር ልጻፈው ላለ ሰውም ትንሽ ቦታ ተዉለት፤ ከስሞቹ በታች ይሁን፣ ግዴታም አይሁን።

ቴክኒኩን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ይህን ብቻ ልብ በሉ። ፎርሙን ከሌላ አገልግሎት ሰጪ ወስዳችሁ በአይፍሬም፣ ማለትም የሌላን ገጽ በራስ ገጽ ውስጥ በሚያሳይ መስኮት፣ ገጻችሁ ላይ ስታስገቡት የእናንተ ይመስላል እንጂ መልሱ የሚቀመጠው እነሱ ሰርቨር ላይ ነው። ማን ሊከፍተው እንደሚችልና መቼ እንደሚጠፋ ውላቸውን አንብቡ። አዲስ መልስ በገባ ቁጥር የተጻፈውን በሙሉ በኢሜይል የሚልኩም አሉ። ያን አጥፉትና «አዲስ ፎርም ገብቷል» የሚል ብቻ ይድረሳችሁ። ገጹን ማን እንደከፈተ ለማስታወቂያ ድርጅቶች የሚናገረው መከታተያ ፒክስልም ከዚያ ገጽ ላይ ይውጣ። አንድ ሰው የፍቺ ፎርም መክፈቱ ራሱ ምስጢር ነው።

«ላክ» ከተጫነ በኋላ የሚወጣውን ጽሑፍ ደግሞ ባዶ «እናመሰግናለን» ብላችሁ አትለፉት። መልእክቱን የሚያየው ሠራተኛ እረፍት ላይ ሊሆን ይችላል፤ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ ግን ሰው አይጠብቅም። እኔ ለዚያ ወጣት የጻፍኩለት ይህን ነው፦ «መልእክትዎ ደርሶናል። ጉዳይዎን ግን ገና አልተቀበልንም። ክስ ወይም መልስ የሚያቀርቡበት ቀን ከተቃረበ እኛን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ሌላ ጠበቃ ያነጋግሩ።»