መልስ፦ ከሲላይጂች በፊት መንግሥት የመራ ቦስኒያክ ነበር?

«በ1990ዎቹ የቦስኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ከነበሩት ከሐሪስ ሲላይጂች በፊት አገር አቀፍ መንግሥት የመራ ቦስኒያክ (የቦስኒያ ሙስሊሞች የዛሬ የብሔር ስማቸው ነው) ነበር ወይ?» ብለው ለጠየቁት፦ አዎ፣ ያውም ቦስኒያን ብቻ ሳይሆን መላዋን ዩጎዝላቪያን። ጀማል ቢዬዲች ይባላሉ። በ1917 (ቀኑም ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሞስታር ተወለዱ፤ በቤልግሬድ ሕግ ተማሩ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፓርቲዛኖቹ፣ ማለትም ከኮሚኒስት ደፈጣ ተዋጊዎቹ ጋር ተሰለፉ።

በእኔ እይታ ስማቸውን የሚያስጠራው ከጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው በፊት የሠሩት ሥራ ነው። በ1953ቱ ቆጠራ የቦስኒያ ሙስሊሞች ሰርብ ወይም ክሮአት ካላሉ የሚመዘገቡት «ማንነቱን ያልገለጸ ዩጎዝላቭ» ተብለው ነበር። በ1968 የቦስኒያ ኮሚኒስቶች ራሱን የቻለ ሕዝብ መሆናቸውን ሲቀበሉ፣ ቢዬዲች በዩጎዝላቪያ ሥር የነበረችው የቦስኒያ ሪፐብሊክ ምክር ቤት አፈ ጉባኤና ከውሳኔው ዋነኛ ደጋፊዎች አንዱ ነበሩ። በ1971ዱ ቆጠራ ሙስሊም የሚለው መጠሪያ በብሔርነት ሰፈረ።

በዚያው ዓመት የዩጎዝላቪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው የፌዴራሉን መንግሥት ያዙ። እርግጥ ነው፣ የመጨረሻው ቃል የአገሪቱ መሪ የቲቶ ነበር፤ ሥልጣናቸውን ከዚያ አስበልጦ ማየት አይገባም።

ጥር 18 ቀን 1977 ወደ ሊቢያ የሚጓዙትን ቲቶን ከሸኙ በኋላ በትንሽ ጄት ወደ ሳራዬቮ በረሩ። አውሮፕላኑ ክሬሼቮ አጠገብ ከኢናች ተራራ ጋር ተላተመ፤ እርሳቸውና ባለቤታቸው ራዚያን ጨምሮ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ይፋዊው ምክንያት መጥፎ የአየር ጠባይ ነው። «ተገድለው ነው» የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልበረደም፤ ማስረጃ ግን እስካሁን ያቀረበ የለም።