አጥንታቸው ውሃ ውስጥ ቀረ፤ ፍትሐት ይደርሳቸዋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሜሪላንድ ነው። የአባቴ ወገኖች ድሮ ከሞጆ በታች፣ አዋሽ ዳር ነበር የሚኖሩት። የቆቃ ግድብ ሲሠራ አባቴ ትንሽ ልጅ ነበር። ሰዉ ተነሣ፣ ታቦቱም ወጣ፣ የቅድመ አያቶቼ መቃብር ግን ውሃ ውስጥ ቀረ። ዘንድሮ የወንድሜ ንግድ ከሰረ። እህቴን ደግሞ ሁለት ጊዜ አስወረዳት። አንድ «አዋቂ» ዘንድ ሄደው «የአባቶቻችሁ አጥንት ረጥቦ ነው የሚወጋችሁ፤ ሐይቁ ዳር ጥቁር በግ እረዱ» ተባሉ። አባቴ ይህን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። መቃብሩ ለጠፋ ሰው ፍትሐት ይደርሳል? ሐይቁ ዳር ቆሞ መጸለይስ ይፈቀዳል?

መልስ፦ እኅቴ፣ በመጀመሪያ በጉን ተዉት። ወንድምሽ ገዝቶት ከሆነም ይሽጠው፣ ወይም አርዶ ነዳያንን ያብላበት። ሐይቅ ዳር ለሙት ደም ማፍሰስ፣ ድንጋይ ቅቤ መቀባት፣ ጠላ መድፋት የእኛ ሃይማኖት አይደለም። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ባታውቂ ኖሮ አትጠይቂኝም ነበር።

አባትሽን እንቅልፍ የነሣቸው ግን በጉ አይደለም፣ «አጥንት ይወጋል» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል ከስንት ሰው አፍ እንደሰማሁት! «የአባቶቻችን አጥንት እሾህ ሆኖ ይወጋናል» እንላለን። ልክ ነው፣ እንላለን። የሚባለው ግን መቼ ነው? አባቶች ያቆዩትን አገር፣ አደራና እምነት አሳልፎ ለሚሰጥ ሰው ነው። የኅሊና ወቀሳ ነው። የሞተ ሰው አጥንቱ ስለረጠበ ተቆጥቶ የልጅ ልጁን ማሕፀን ይመታል ማለት አይደለም። እስኪ አስቢው። ቅድመ አያትሽ በሕይወት ሳሉ ልጆቻቸውን ለማብላት አዋሽ ዳር ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሞተው ጨካኝ የሚሆኑት በምን ሒሳብ ነው? የእህትሽ ሐዘን ሐኪም፣ ጸሎትና ጠበል የሚፈልግ ሐዘን ነው። በዚያ ላይ የቅድመ አያት ክስ አትጨምሩባት። ጥፋተኛ የምታደርጉት እኮ የሞቱትን ብቻ አይደለም፣ እሷንም ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ፍትሐት ይደርሳቸዋል ወይ? ይደርሳቸዋል። ተዝካር መቃብር ላይ ካልቆሙ የማይሆን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መቃብር ላይ መቆም ደግ ልማድ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ካህኑ ሲጸልይ የሚጠራው ቦታ አይደለም። «ነፍሰ ገብርከ እገሌ፣ ነፍሰ አመትከ እገሊት» ብሎ ስም ነው የሚጠራው። በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የቀሩ ልጆቻችን ስንት ናቸው? እናቶቻቸው አንዲት እፍኝ አፈር የላቸውም። ቤተ ክርስቲያን ግን ትጸልይላቸዋለች። ሙሴን ተመልከቺ። ከሙሴ የሚበልጥ ነቢይ ማን አለ? መቃብሩን ግን እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም ይላል መጽሐፉ (ዘዳ. 34፥6)። ዮሐንስም በራእዩ በመጨረሻው ቀን ባሕር በውስጡ ያሉትን ሙታን እንደሚሰጥ አይቷል (ራእ. 20፥13)። ባሕር ከመለሰ የቆቃ ውሃ አይመልስም?

«እንግዲያ አጥንት ምንም አይደለም ማለት ነው?» እንዳትዪኝ። እንደዚያም አይደለም። ሙሴ ግብፅን ሲለቅ የዮሴፍን አጥንት ይዞ ወጥቷል (ዘጸ. 13፥19)። እኛም ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ፍልሰተ አፅም እናከብራለን። አጥንትን በክብር ከቦታ ወደ ቦታ ማሻገር የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ግድቡ ሲሠራ ጊዜም አቅምም ተገኝቶ ቢሆን የአያቶችሽ አፅም ቢፈልስ መልካም ነበር። አልሆነም። ታቦቱ በዕልልታ ሲወጣ እነሱ ቀሩ። አባትሽ ያኔ በልጅነት ዓይናቸው ያዩት ነገር ይህ ከሆነ፣ ሐዘናቸው እውነተኛ ሐዘን ነው። «ተራ ነገር ነው» ብላችሁ አታልፉት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ ተሠርቶ ነው። 43 ሜጋ ዋት ያህል ነበር የሚያመነጨው፤ ለዛሬ ትንሽ ነው፣ ለዚያ ዘመን ብዙ። አዲስ አበባ ያንን መብራት ስትቀበል ከሥር የማን መቃብር እንዳለ የጠየቀ ሰው ስለመኖሩ እንጃ። እኔም እዚሁ ከተማ አምፖል ሥር ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ይህ ደግሞ የእናንተ ብቻ ዕጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1964 በግብፁ የአስዋን ግድብ ምክንያት በሱዳን የዋዲ ሃልፋ ኑቢያውያን አገራቸውን ሲለቁ፣ ባቡር ከመሳፈራቸው በፊት የዘመዶቻቸውን መቃብር እየዞሩ ተሰናብተዋል። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው። የእነሱ ቅድመ አያቶች ግን፣ እንደ እኛው ከእስክንድርያ መንበር ጋር የተሳሰሩ ክርስቲያኖች ነበሩ። ውሃው ሊደርስ ሲል የፖላንድ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ፋራስ በተባለው ቦታ በአሸዋ የተቀበረ ካቴድራል አገኙ። 120 ያህል የግድግዳ ሥዕሎች አወጡ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሥዕሉ አይደለም። በግድግዳው ላይ የሞቱ ጳጳሳት ስም ተራ በተራ ተጽፎ ተገኘ። ዛሬ ፋራስ ግድቡ ከፈጠረው ከናስር ሐይቅ በታች ነው። ካቴድራሉ የለም፣ ስሞቹ ግን አሉ።

ይህን ያመጣሁት ያለ ነገር አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ከሌላ ግድብ ዳር በፌስታል አፈር ይዞ መጣ። ጥቁር ጭቃ ነበር፣ ፌስታሉ ከታች ተቀዶ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። «መምህር፣ የአያቴ መቃብር እዚህ አካባቢ ነበር፤ ይህን አፈር ቅጽሩ ውስጥ አስቀብሩልኝና ፍትሐት ይደረግላት» አለኝ። አልሳቅሁበትም። «የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አልሁት። ዝም አለ። «እኛ እምዬ ነበር የምንላት» አለኝ ቆይቶ። ለዚያ አፈር የሁለት ቀን መንገድ ተጉዟል። ስሟን ግን በሕይወት ካለችው አክስቱ በስልክ መጠየቅ ትዝ አላለውም ነበር። ያኔውኑ ደወለ። «ወለተ ሚካኤል» አለችው። ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

እኔ የምፈራው ይህንን ነው እንጂ ውሃውን አይደለም። ስለ ጠፋው መቃብር እንጨነቃለን፣ የጠፋውን ስም ግን ልብ አንለውም። ጌታ ሰዱቃውያንን ሲመልስ «እኔ የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብም አምላክ ነኝ» የሚለውን ቃል ጠቀሰላቸውና እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ ነው አለ (ማቴ. 22፥32)። በስም ነው የጠራቸው፣ በስም።

ሐይቁ ዳር መጸለይን በተመለከተ፣ ይቻላል። አባትሽ አቅም ካላቸው ወንድምሽ ይዟቸው ይሂድ። አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ፣ ያልቅሱ፣ ይመለሱ። የመቃብሩን ትክክለኛ ቦታ ካላገኘን ብለው ግን አይድከሙ። ቆቃ በየዓመቱ ከላይ የሚወርደው ደለል የሚሞላው ሐይቅ ነው፤ ውሃው ቢሸሽ እንኳ የሚታየው ጭቃ ነው። ከዚያ ታቦቱ ወደ ገባበት ደብር ሄዳችሁ ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ። ፍትሐቱ እዚያ ይደረስ፣ በበጉ ዋጋም ነዳያን ይብሉ።

ከዚያ በፊት ግን ያንቺ ሥራ አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባትሽ ጋ ደውዪ፤ እዚያ ሲመሽ እዚህ ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ አስቢ። ወረቀት ያዢ። የአያታቸውን፣ የአያታቸውን እናት፣ እዚያ የቀሩትን ሁሉ የክርስትና ስም ጠይቂያቸው። ስለ ግራሩ፣ ስለ በሬዎቹ፣ ጎረቤት ስለነበረው ሰውዬ መጀመራቸው አይቀርም። አታቋርጫቸው። ስሙ የሚመጣላቸው ከዚያ በኋላ ነው።