ከዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ልጆችን ማየት ማስለመድ፦ የሐዋሳ ወላጆች ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ልጆቻቸው የዓይን ሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው የሐዋሳና የአካባቢዋ ወላጆች በአንድ ቅዳሜ ተሰብስበው ያነሷቸውን ጥያቄዎች ከመልሶቻቸው ጋር አቅርቤያለሁ። ኦፕቶሜትሪስት (የማየት ኃይልን የምመረምርና መነጽር የማዝዝ ባለሙያ) በመሆኔ የምሠራው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ወራት ላይ ስለሆነ፣ መልሶቼም ወደዚያው ያደላሉ።

ጥያቄ፦ የልጄ የአንድ ዓይኑ ሞራ ወጥቶለታል፤ ሐኪሙም ሥራው በደንብ አልቋል ብሎናል። ደህናውን ዓይን ስሸፍንበት ግን ግራ ይገባውና ያለቅሳል። ምን ጎደለ?

መልስ፦ ከቀዶ ሕክምናው የጎደለ ነገር ላይኖር ይችላል። ዓይን ምስሉን ይቀበላል እንጂ ምንነቱን የሚለየው አንጎል ነው፤ አንጎል ደግሞ በሕፃንነቱ ከአንዱ ዓይን ጥርት ያለ ምስል ካልደረሰው፣ በሌላው ብቻ መገልገልን ለምዶ ያንኛውን ቸል ይለዋል። ባለሙያዎች አምብሊዮፒያ፣ ብዙ ሰው ደግሞ ሰነፍ ዓይን የሚለው ይህንን ነው፤ ስያሜው ለዓይኑ ፍትሐዊ ባይሆንም። ደህናውን ዓይን የምንሸፍነውም አንጎል በደካማው ዓይን እንዲገለገል ለማስገደድ ነው። ዴቪድ ሂዩበልና ቶርስተን ዊዝል የድመት ግልገሎችን አንድ ዓይን ለተወሰነ ጊዜ ዘግተው ሲከፍቱት፣ ዓይኑ ጤናማ ሆኖ ሳለ አንጎል መልእክቱን እንደማይቀበል አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ካስገኙላቸው ሥራዎች አንዱም ይህ ነው። በአንድ ዓይን ላይ አብሮ የተወለደ ጥቅጥቅ ያለ ሞራ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት አካባቢ ቢወጣ የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ያረጋግጡ፤ መነጽሩን ያደርጋል? ሞራ ማለት የደፈረሰ የዓይን ሌንስ ስለሆነ በቀዶ ሕክምናው የሚወጣው ሌንሱ ነው፤ ሌንሱ የወጣለት ሕፃን ያለ ወፍራም መነጽር ወይም ያለ ኮንታክት ሌንስ ሁሉም ነገር ይደበዝዝበታል፤ ሰው ሠራሽ ሌንስ የተተከለለትም ቢሆን፣ ያ ሌንስ እንደ ተፈጥሮው ለቅርብና ለሩቅ ራሱን ስለማያስተካክል መነጽር ያስፈልገዋል። መነጽር ሳያደርጉለት ደህናውን ዓይን መሸፈን ልጁን ጉም ውስጥ አስገብቶ ሥራ እንደ ማዘዝ ነው።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ሰዓት እንሸፍን? ጎረቤቴ ሁለት ሰዓት ይበቃል ብላኛለች።

መልስ፦ የጎረቤትዎ ቁጥር ከሜዳ የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ መካከለኛ ድክመት ላለባቸው ልጆች 2 ሰዓት መሸፈን ከ6 ሰዓት ጋር ተመጣጣኝ ውጤት እንዳለው አሳይቷል፤ ነገር ግን እነዚያ ልጆች ችግራቸው የመጣው ከዓይን መንሸዋረር ወይም ከሁለቱ ዓይኖች የመነጽር ልዩነት እንጂ ከሞራ አልነበረም። ሞራ ያስከተለው ድክመት ከዚያ ይልቅ እልኸኛ ነው። የአንድ ዓይን ሞራ የወጣላቸውን ጨቅላዎች የተከታተለ ሌላ ጥናት እስከ 8 ወር ድረስ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ወር በቀን 1 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ልጁ ነቅቶ ከሚቆይበት ጊዜ ግማሹን ያሸፍን ነበር። ይህን የነገርኳችሁ ልዩነቱን እንድታዩት ነው፤ የልጅዎን ሰዓት የሚወስነው መርምሮ የሚከታተለው ሐኪም ነው። ከልክ ያለፈ መሸፈን ደህናውንም ዓይን ሊያዳክም ስለሚችል ቀጠሮ አይዝለሉ። ሁለቱም ዓይኖቹ ታክመው እኩል የሚያይ ልጅ ደግሞ ጭራሽ መሸፈን ላያስፈልገው ይችላል።

ጥያቄ፦ መሸፈኛውን ገና ሳልለጥፍለት ይቀደዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቀድሞ ወላጆችን «ጨክኑ» እል ነበር፤ ብዙዎቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ተዉት፤ ምክሬም ልክ አልነበረም። አሁን የምመክረው በሐኪሙ ከታዘዘው ሰዓት የቻሉትን ያህል ጠዋት ላይ እንዲጀምሩ ነው፤ ከቀትር በኋላ የሐዋሳ ሙቀት ፊቱን ሲያልበው መሸፈኛው ራሱ ይላቀቃል። ቁርሱን ሲበላ ወይም የሚወደውን ሲጫወት ይለጥፉለት። ከመነጽሩ በላይ የሚንጠለጠል ጨርቅ አይሁን፤ ልጆች በጎኑ ማጮለቅን ቶሎ ይማራሉ። ለሕፃን እጆቹን ካልሲ ማልበስም ይረዳል።

ጥያቄ፦ ተሸፍኖ ሳለ ምን ዓይነት ልምምድ ይሥራ? በኮምፒውተር የሚሠራ ውድ ማሠልጠኛ እንድንከፍል ተጠይቀናል።

መልስ፦ ገንዘቡን ለመነጽሩ ያቆዩት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት መሸፈኛ ያደረጉ ልጆች የቅርብ ሥራ ቢሠሩም የሩቅ ነገር ቢያዩም ውጤታቸው እንዳልተለያየ አሳይቷል። ያ ጥናትም የሞራ ልጆችን የሚመለከት አልነበረም፤ ሆኖም ከሥራዬ የማየው ያንኑ ነው። ጨዋታው የሚጠቅመው ልጁ መሸፈኛውን ረስቶ በደካማው ዓይኑ እንዲቆይ ስለሚያደርገው ነው። ከአምስት ዓመት በላይ ከሆነ በነጭ ሳህን ላይ ቀይ ምስር ይልቀም፤ ሲቀለው ሩዝ ይስጡት፤ ነጭ በነጭ ላይ ስለሆነ ይከብዳል። ዶቃ መሰካት፣ ገበጣ መጫወት፣ አሞራ ገደል ወርዶ ከሐይቁ ዳር የቆሙትን ትልልቅ ወፎች መቁጠርም እንዲሁ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ምስርም ዶቃም ወደ አፍና አፍንጫ ይገባል፤ ትልቅ ኳስ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ የታከመችው በቅርቡ ነው። ረፍዷል?

መልስ፦ ሙሉ የማየት ኃይል ላታገኝ ትችላለች፤ ይህን ሳልነግርዎ ባልፍ አታለልኩዎ ማለት ነው። ሆኖም በሕንድ ከ8 እስከ 17 ዓመት ሳሉ ዓይናቸው የበራላቸው ልጆች፣ ቀድሞ በእጃቸው ብቻ የዳሰሱትን ቅርጽ መጀመሪያ በዓይናቸው መለየት አቅቷቸው ሳለ፣ ዳግም የተፈተኑት ግን አጭር ጊዜ ቆይተው ችለዋል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። አንጎል ዘግይቶም ማየትን ሊማር ይችላል ማለት ነው። መነጽሯን ታድርግ፤ ከፊት ወንበር ትቀመጥ፤ መምህሯም ይወቁት።

ጥያቄ፦ ከቀጠሮ በፊት እንድንመጣ የሚያስገድደን ምንድን ነው?

መልስ፦ ብሌኑ ዳግም ነጭ ከመሰለ፣ ልጁ ብርሃን ከሸሸ፣ ዓይኑ ከቀላ ወይም ያለማቋረጥ ካነባ፣ ዓይኑ ከሌላው ከተለቀ፣ ወይም መንሸዋረር ከጀመረ በዚያው ቀን ይምጡ። ነጭ የመሰለው ዳግም የተፈጠረ ግርዶሽ፣ የተለቀው ደግሞ ግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከዓይን ውስጥ ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣ ዓይንን የሚጎዳ ሕመም) ሊሆን ይችላል። ግላኮማ ከቀዶ ሕክምናው ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ ልጁ ደህና ቢያይም የዓይን ግፊቱን ማስለካት አያቋርጡ።