ድራምና ድምፅ በምሽት ቤት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የባህል ምሽት ቤት አለኝ። ጎረቤት በድምፁ ተማረረ። ድራሙን በኤሌክትሮኒክ ብቀይረው ይገላግለኛል?

መልስ፦ ብቻውን አይገላግልዎትም፣ እህቴ። ግድግዳ አልፎ ሰው የሚቀሰቅሰው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) እና ቤዝ ጊታሩ። ሰብዉፈሩ (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር) እንደነበረ ከቀጠለ ኤሌክትሮኒክ ድራምም ያው ነው። መጀመሪያ ሰብዉፈሩን ከጎረቤት ግድግዳ ያርቁ፣ ከስሩ ወፍራም ጎማ ያንጥፉ፣ ሳውንድማኑም (የድምፅ ባለሙያው) ከ50 ኸርዝ በታች ያለውን በጣም ወፍራም ድምፅ ይቁረጠው። መጋረጃ የሲምባሉን (የናስ ሳህኑን) ጩኸት ያለዝባል እንጂ ቤዝ አይዝም።

ጥያቄ፦ የተፈቀደው የድምፅ መጠን ስንት ነው?

መልስ፦ በአገራችን ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለንግድ አካባቢ 65 እና 55። ሌሊቱ የሚቆጠረው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የድምፅ መለኪያ ይዘው ጎረቤት በር ላይ ይቁሙ። ለታዳሚው ጆሮ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጣሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ 100 ዴሲቤል ነው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ድራመር ነኝ። አኩስቲኩን መተው አልፈልግም፤ ማሲንቆው ግን አይሰማም ይሉኛል።

መልስ፦ እውነታቸውን ነው። ጠባብ ቤት ውስጥ ስኔር (ከፊት ያለው ጠፍጣፋ ድራም) በዱላ ሲመታ ከ100 ዴሲቤል ያልፋል። የማሲንቆው ማይክ ሲምባልህን ይለቅማል፤ ሳውንድማኑ ማሲንቆውን ልጨምር ሲል ሲምባሉም አብሮ ይጨምራል፣ ከዚያ ፊድባክ (የስፒከሩ ድምፅ ወደ ማይኩ ተመልሶ የሚፈጥረው ፉጨት) ነው። ዱላውን ትተህ ሮድስ (የቀጫጭን እንጨት እስር) ያዝ። ስኔሩ ጠርዝ ላይ የታጠፈ ጨርቅ በፕላስተር ለጥፍ፤ ኪኩ ውስጥ የምትከተው ትራስ ቆዳውን ይንካ። ጥግ ውስጥ አትቀመጥ፣ ጥግ ቤዝ ያበዛል። አምባሰል በዝግታ ሲዜም ሃይሃቱን (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋውን ጥንድ ሲምባል) ከፍተህ አትምታ፤ የዘፋኙን የድምፅ መርገብገብ የሚበላው እሱ ነው። ይህን ሁሉ አድርገህ ማሲንቆው አሁንም ካልተሰማ፣ ለዚያ ቤት ኤሌክትሮኒኩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሮኒኩ አንዴ ስመታ ሁለቴ ይሰማል። ቶም (ሌላውን ድራም) ስመታም ስኔር ይጮኻል።

መልስ፦ ለመጀመሪያው በሞጁሉ (የኤሌክትሮኒኩ ድራም ድምፅ በሚወጣበት ሳጥን) ላይ «ሪትሪገር ካንስል» የሚለውን በጥቂቱ ከፍ አድርግ፤ ካበዛኸው ፈጣን ምት ይውጥብሃል። ሁለተኛው ክሮስቶክ ነው፤ የአንዱ ፓድ (መምቻ) ምት ሌላውን ያስጮኻል። ንዝረቱ በብረቱ ስለሚተላለፍ የፓዶቹን ማሰሪያ አጥብቅ፣ ከዚያ የስኔሩን «ክሮስቶክ ካንስል» ከፍ አድርግ። «እምም» የሚል ድምፅ ካለ በዲአይ ቦክስ (በሞጁሉና በሚክሰሩ መካከል በሚገባ ትንሽ ሳጥን) አገናኝና እሱ ላይ ያለውን «ግራውንድ ሊፍት» ተጫን፤ የሶኬቱን ግራውንድ ግን በፍጹም እንዳትቆርጥ፣ ሰው ይገድላል። መብራት ሲቆራረጥ ሞጁሉ ስለሚጠፋ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ያዝለት።

ጥያቄ፦ ከበሮውስ?

መልስ፦ ከበሮው በቆዳው ይቅር። በእጅ ስለሚመታ መጠኑ ከተጫዋቹ መዳፍ አይወጣም፤ አንድ ማይክ ከአንድ ስንዝር ርቀት ይበቃዋል።