መልስ፦ ኪችን ካቢኔቱ ዋጋውን ያወጣል?

«በሜትር መካከለኛ ዋጋ ተጠራልኝ፣ ያወጣል ወይ?» ላልሽው፦ የበሩን ማብረቅረቅ ተይውና ሲንኩ ሥር ያለውን ክፍል ክፈቺ። ቶሎ የሚበላሸው እዚያ ነው። ቺፑድ (ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ውኃ ከጠጣ እንደ ዳቦ ያብጣል፤ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። ለዚያ ቦታ እርጥበት የሚቋቋም ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ውስጡ አረንጓዴ ነው፣ ቀለሙ ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም።

የሰሌዳውን ጠርዝ በጣትሽ ዳብሺው፤ በተለይ ከታች በኩል፣ ማንም የማያየው ጋ። እዚያ ካልተለበጠ ሠሪው ቆጥቦብሻል። ለአካሉ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ጥሩ ነው።

መሳቢያውን እስከ መጨረሻ ስበሽ ጫን በይው። ከተንገዳገደ ዋጋ አስቀንሺ፣ ወይ ሐዲዱን አስቀይሪ። የበሩ ማጠፊያም ዓይነት ውሉ ላይ ይጻፍ። ናሙናው ላይ ያየሽው ሲገጠም ሌላ ሆኖ ይመጣል፣ ያውም ብዙ ጊዜ!