«አልተረጋገጠም» እና «አለመሆኑ ተረጋገጠ»

ጥያቄ፦ የመመረቂያ ጽሑፌን በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። የፈተሽኩት ባዶ መላምት (ማስረጃ እስኪጥለው ድረስ እንደ መነሻ የሚያዝ ግምት) «ከከተማው ወላጆች ሐሳቡን የሚደግፉት ግማሾቹ ናቸው» የሚል ነው። ከጠየቅኳቸው 100 ወላጆች 56ቱ ደገፉ። ልዩነቱ ጉልህ ስላልሆነ «ደጋፊዎቹ ግማሽ መሆናቸው ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ሰርዘው «ባዶ መላምቱን ውድቅ ማድረግ አልተቻለም» አሉኝ። ሁለቱ አንድ አይደሉም እንዴ? የሳቸው አባባል ዙሪያ ጥምጥም ሆነብኝ።

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ አማካሪዎ ልክ ናቸው። ቁም ነገሩ አሉታው የትኛው ግሥ ላይ እንደወደቀ ነው። «ልዩነት መኖሩ አልተረጋገጠም» ሲባል የጎደለው ማስረጃው ነው። «ልዩነት አለመኖሩ ተረጋገጠ» ሲባል ግን ማስረጃ ተገኝቷል፣ ጉዳዩም አልቋል ማለት ነው። የእርስዎ ዐረፍተ ነገር ከሁለተኛው ወገን ነው።

ቁጥሮቹን እንያቸው። ደጋፊዎቹ በእርግጥ ግማሽ ቢሆኑ፣ የ100 ሰው ናሙና መደበኛ ስሕተት፣ ማለትም ውጤቱ በአጋጣሚ ብቻ ከእውነተኛው ድርሻ በተለምዶ የሚርቅበት መጠን፣ 5 የመቶኛ ነጥብ ነው። 56 ከ50 የሚርቀው በ6 ነው። 6 ለ5 ሲካፈል 1.2 ይሆናል። በ5 በመቶ የጉልህነት ደረጃ (መላምቱ እውነት ሆኖ ሳለ በስሕተት የመጣል ዕድሉ 5 በመቶ ሲሆን) መላምቱን ለመጣል 1.96ን ማለፍ ነበረበት፤ አላለፈም። ግን እኮ እውነተኛው ድርሻ 60 በመቶ ቢሆንም ይኸው 56 በቀላሉ ሊወጣ ይችላል። ታዲያ ግማሽ መሆኑ በምን ተረጋገጠ?

አሁን ደግሞ 400 ወላጆች ጠይቀው 224ቱ ደገፉ እንበል። ድርሻው ያው 56 በመቶ ነው። መደበኛ ስሕተቱ ግን ወደ 2.5 ይወርዳል፣ 6 ለ2.5 ሲካፈልም 2.4 ይመጣል፤ ይህ ከ1.96 ይበልጣል። መላምቱ ወደቀ! «ተረጋግጧል» ያሉት ነገር ናሙናው ስለሰፋ ብቻ ሊፈርስ አይገባም ነበር። «አልተቻለም» ቢሉ ግን ሁለቱም ውጤቶች ሳይጋጩ ይኖራሉ።

አባባሉ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም። ፍርድ ቤት «ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ አላስረዳም» ሲል የሚናገረው ስለ ማስረጃው ነው። «ውድቅ ማድረግ አልተቻለም» ከከበደዎት «ድርሻው ከግማሽ የተለየ መሆኑን የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አልተገኘም» ይበሉ። እኔ እንዲያውም ይህን እመርጣለሁ፤ መላምት የሚለውን ቃል የማያውቅ አንባቢም ይረዳዋል።

«ጉልህ»ንም ብቻውን አይተዉት። በዕለት ንግግር ትልቅ ማለት ስለሆነ፣ አንባቢው 6 ነጥብን ናቅ ያደረጉ ይመስለዋል። «በስታቲስቲክስ ጉልህ አይደለም» ብለው ይጻፉ፤ ናሙናው 100 መሆኑንም እዚያው ይግለጹ።